ከሥራ በኋላ በብስክሌት በባሕር ዳር፦ በየት በኩል፣ እስከ ስንት ሰዓት?

ጥያቄ፦ ከ«አዲስ ነዋሪ»

ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ዝውውር ምክንያት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። እንደ ማንኛውም አዲስ መጪ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የብስክሌቱ ብዛት ነው፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ከኋላው ጆንያ ጭኖ የሚሄደው ነጋዴ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሰግሱ አባት ሳይቀሩ ፔዳል ሲመቱ ማየት ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ላደገ ሰው ብርቅ ነው። አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬና እኔም «እኛስ ከማን እናንሳለን» ተባብለን ሁለት ያገለገሉ ብስክሌቶች ገዛን። እኔ በልጅነቴ ስለተማርኩ ሰውነቴ አልረሳውም። ጓደኛዬ ግን መንዳት የተማረችው በቅርቡ በኳስ ሜዳ ላይ ነው፤ ቀጥ ብላ መሄድና በፍሬን መቆም ችላለች፣ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ምልክት ማሳየት ግን ገና አልደፈረችም።

ከሥራ የምንወጣው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቤት ገብተን ልብስ ለውጠን እስክንነሳ ድረስ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። ያማከርነው ሰው ሁሉ «ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ነው እንጂ ሌላ የት ይኬዳል» ይለናል፤ እኛም የምንመኘው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ምክሩ ይለያያል። አንዱ እስከ ዓባይ ድልድይ ሄዳችሁ ተመለሱ ይለናል፤ ሌላው በሽምብጥ ሰፈር በኩል ሰላማዊ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ጀንበር ስትጠልቅ ካላያችሁ ባሕር ዳር መኖራችሁ ምኑ ላይ ነው ብሎ ይሞግተናል። ለጀማሪ የሚሆነው የትኛው ነው? መመለስ የሚገባንስ በስንት ሰዓት ነው?

የመብራቱም ጉዳይ አለ። የእኔ ብስክሌት ምንም መብራት የለውም፤ የጓደኛዬ ጎማው ሲዞር መብራት የሚያመነጭ ዲናሞ ተገጥሞለታል፣ ነገር ግን ሽቦው ተበጥሷል። ማሠራት ይሻላል ወይስ በባትሪ የሚሠራውን ዓይነት መግዛት? በመጨረሻም፣ የግቢያችን ጥበቃ ትናንት ስንወጣ አይተው «ጉማሬ እንዳይቀድማችሁ» ብለውናል። ቀልድ ይሁን ምክር አልገባኝምና የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከ«የጣና ዳር ሰው»

የጥበቃው ሰው አልቀለዱም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ሰዓቱ ልናገር፤ ምክንያቱም የማታ ጉዞን የሚያሰናክለው በአብዛኛው የመንገዱ ምርጫ ሳይሆን የሰዓቱ ነው።

በባሕር ዳር ፀሐይ በኅዳር ወር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ካለፈ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲሆን፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ግን 1 ሰዓት ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ትቆያለች። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮ የሚወጣ ሰው በሰኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ብርሃን ሲያገኝ፣ በኅዳር የሚያገኘው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ልብስ ለመለወጥ ቤት ከገባ ደግሞ እርሱም የለም። በሰኔ ዝናቡ ይከለክላችኋል፣ በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ ትቸኩላለች፤ የዚህ ከተማ ማታ እንዲህ ነው። እኛ ያለንበት ምድር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ጀንበር ከገባች በኋላ ድንግዝግዙ አይቆይም፤ ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ካለፈ የመንገዱን ጉድጓድ ከጥላው መለየት ያስቸግራል። የኔ ምክር የመመለሻችሁን ነገር በቦታ ሳይሆን በሰዓት እንድትወስኑት ነው። «ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንመለሳለን» የሚል ሰው ድልድዩ እስኪታየው ይመሽበታል፤ «ጀንበሯ ውኃውን ስትነካ የትም ብንሆን ወደ ከተማው መሀል እንዞራለን» የሚል ሰው ግን አይሳሳትም።

ሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ በብርሃን፣ የመንገድ መብራት ያለውን አስፋልት በጨለማ እንድትጓዙበት አድርጉ። ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነስታችሁ በቀጥታ ወደ ውኃው ዳር ውጡ፤ ስትመለሱ በመጣችሁበት ሳይሆን ዘንባባ በተተከለበት ሰፊ ጎዳና ግቡ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት ሥራ የሐይቁ ዳርና ዋና ዋና ጎዳናዎች ሲታደሱ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር ወጥቶላቸዋል፤ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም መስመሩ የብስክሌት ነው ተብሎ ስለተቀባ ብቻ ሰው ይለቀዋል ማለት አይደለም። ማታ ላይ ቤተሰብ ከነልጆቹ ይወጣል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ፣ ቆሎና ሸንኮራ የሚሸጡ ልጆች በመሀሉ ይመላለሳሉ፤ በእነርሱ መካከል በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳይፈጥኑ ማለፍ ያስፈልጋል። ጓደኛዎ በዝግታ ሚዛን መጠበቅ የምትማርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አታገኝም፤ ቀስ ብሎ መንዳት በፍጥነት ከመንዳት ይከብዳልና።

ስለ አቅጣጫም ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን፣ የዓባይ መውጫና ድልድዩ በስተምሥራቅ ናቸው። ማታ ወደ ሽምብጥ በኩል የሚሄድ ሰው ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ ትሆናለች፤ ዓይንን ትወጋለች፣ ነገር ግን ከመኪና በተለየው መስመር ላይ ከሆናችሁ ጉዳቱ ይህን ያህል አይደለም። ወደ ድልድዩ የሚሄድ ሰው ፀሐይዋ ከጀርባው ስለምትሆን ሁሉ ነገር ወለል ብሎ ይታየዋል፤ አደጋው ሲመለስ ነው። ጀንበሯ ሳትገባ ከድልድዩ ወደ መሀል ከተማ ከዞራችሁ እናንተ ብቻ ሳትሆኑ ከኋላችሁ የሚመጣው ሾፌርም ፀሐይዋ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑ ላይ ታርፋለች፤ የሚያየው ወርቃማ አቧራ ነው፣ እናንተን አያያችሁም። ስለዚህ በድልድዩ በኩል የምትመለሱ ከሆነ ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ እስክትገባ ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ጠብቁ፣ መብራታችሁን አብሩ፣ ከዚያ ተነሱ። ጓደኛዎ ገና ጀማሪ ስለሆነች ለጊዜው የሽምብጡን እመርጥላችኋለሁ።

ወደ ጉማሬው ልመለስ። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ ያሳልፍና ጀንበር ስትገባ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ በአንድ ሌሊት የሚግጠው ሣር አርባ ኪሎ ያህል ይደርሳል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ በደንገሉና በረግረጉ ዳር፣ ጉማሬ ጥንትም ነበረ ዛሬም አለ። ያን የሚያህል ገላ ይዞ በየብስ ላይ ለአጭር ርቀት በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሊሮጥ ይችላል፤ ጓደኛዎ በአሸዋማ መንገድ ላይ ይህን ፍጥነት እንደማታመጣው ግልጽ ነው። ሰውን የሚያጠቃው በአብዛኛው በእርሱና በውኃው መካከል የቆመ ሲመስለው ነው፤ ማታ በዳርቻው የምትሄዱት እናንተ ደግሞ ሳታውቁት የምትቆሙት በትክክል እዚያ ላይ ነው። መውጫውን አይለዋውጥም። ከውኃው ወደ ሣሩ የሚወጣ፣ ሁለት ጎን ለጎን የተረገጡ ቦዮች ያሉትና መሀሉ ጎበጥ ብሎ ሣር የበቀለበት መንገድ ካያችሁ የጋሪ መንገድ አይደለም፤ እግሮቹ ሰፋ ብለው ስለሚያርፉ ጉማሬ የሚያወጣው መንገድ ነው። አጠገቡ ቁጥቋጦው ላይ እስከ ወገብ ድረስ የተረጨ ፋንድያ ካያችሁ ደግሞ አትጠራጠሩ፤ በጭራው ነው የሚበትነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በብርሃን ማለፍ ምንም አይደለም፤ ጀንበር ከገባች በኋላ ግን አይታለፍም።

በክረምቱ ማብቂያ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ዝናቡ በመስከረም እየቀነሰ ቢሄድም የሐይቁ ውኃ ከፍ የሚለው ያኔ ነው፤ ወንዞቹ የክረምቱን ውኃ አምጥተው የጨረሱት በዚያ ጊዜ ስለሆነ። በግንቦት ደረቅ ሆኖ የሄዳችሁበት የዳር መንገድ በጥቅምት መጀመሪያ ረግረግ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ውኃው ወደ ከተማው በቀረበ መጠን ጉማሬውም ይቀርባል።

መልስ፦ ከ«ማለዳ»

ከላይ የተሰጠው ምክር ሁሉ ትክክል ቢሆንም ጥያቄው ራሱ ቢቀየር እላለሁ። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ማታ ስለሆነ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትወጡ ብርሃኑ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም፤ ሐይቁ ነፋስ ስላልነካው ጸጥ ያለ ነው፤ ባጃጁ ገና አልበዛም፤ ጉማሬውም ወደ ውኃው ተመልሷል። ሥራ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚገባ ታጥባችሁ ቁርሳችሁን በልታችሁ ለመድረስ በቂ ጊዜ አላችሁ። ለጀማሪ ማታን መምረጥ ከባዱን አስቀድሞ መማር ነው።

መልስ፦ ከ«ጠጋኙ»

ጠዋት መውጣቱ መልካም ነው፤ ከሥራ በኋላ ከጓደኛ ጋር መሄድን ግን አይተካም፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ሰው የሚፈልገው ማታውን ነው። እኔ የምመልሰው የመብራቱንና የብስክሌቱን ጥያቄ ነው፤ ሥራዬም ይኸው ስለሆነ።

ዲናሞውን አሠሩት፤ ግን በእርሱ ብቻ አትተማመኑ። ጠርሙስ የሚመስለው፣ የጎማው ጎን ላይ ተደግፎ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ብዙውን ጊዜ 6 ቮልትና 3 ዋት የሚሰጥ ነው፤ በደህና ፍጥነት ስትሄዱ መንገዱን በሚገባ ያሳያል። ችግሩ የሚያበራው ጎማው ሲዞር ብቻ መሆኑ ነው። ቀስ ስትሉ ይደበዝዛል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስትቆሙ፣ ማለትም ሾፌሩ እንዲያያችሁ አብዝታችሁ በምትፈልጉበት ሰዓት፣ ጭራሽ ይጠፋል። ጎማው ሲረጥብ ደግሞ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከፊት ለማየት ዲናሞው ይሁን፣ ከኋላ ለመታየት ግን ባትሪ ያለው ቀይ መብራት ግዙ። ለሁለታችሁም። የፊቱ ነጭ፣ የኋላው ቀይ መሆኑን አትለውጡ፤ ሰው በሩቁ የምትመጡ ወይም የምትሄዱ መሆናችሁን የሚለየው በቀለሙ ነው።

ሽቦው ተበጥሷል ላሉት አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ከዲናሞው ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ አንድ ብቻ ሆኖ ያዩት ሁለተኛው ስለጠፋ ላይሆን ይችላል፤ በአብዛኞቹ የድሮ ብስክሌቶች ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በብስክሌቱ ብረት በኩል ነው። የዲናሞው ማሰሪያ ዝጎ ከሆነ ወይም ብስክሌቱ እንደገና ቀለም ተቀብቶ ከሆነ አዲስ ሽቦ ቢያስገቡም አይበራም፤ መብራቱ ተቃጥሏል ብለው አምፖል ይገዛሉ፣ እርሱም አይበራም። ማሰሪያውን አስፈትተው ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ያስፈትጉት፣ መልሰው ያጥብቁት፣ ከዚያ ይሞክሩት። አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔው ይኸው ነው።

የፊት መብራቱን ቀና አድርጋችሁ አትሰሩት፤ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያሳውራል፣ ለእናንተም ጉድጓዱን አያሳይም። ብርሃኑ ከፊታችሁ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ መሬት ላይ እንዲያርፍ አዘንብሉት። በእጃችሁ ስልክ ይዛችሁ በስልኩ መብራት መንዳት ደግሞ ፈጽሞ አይሁን፤ ጓደኛዎ በሁለት እጇም ገና እየለመደች ነው ብለውናል። ከሁሉ ርካሹና ብዙ ሰው የማያስበው አንጸባራቂ ነው፤ ፔዳሉ ላይ ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ማለቴ ነው። አንድ ቦታ የቆመ ነጸብራቅ ድንጋይ ወይም ምሰሶ ሊመስል ይችላል፤ ከፍ ዝቅ የሚለውን ግን ሾፌሩ ገና ከሩቁ «ሰው ነው» ብሎ ያውቀዋል።

ያገለገለ ብስክሌት ስለሆነ ፍሬኑን ከመነሳታችሁ በፊት በየጊዜው ፈትሹ፦ የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት፣ ጎማው መዞር የለበትም፤ የኋላውንም እንዲሁ። ጎማችሁ ዝናቡ ካለፈ በኋላ የሚያጋጥመው ጠላት ኩርንችት ነው። በክረምት አረንጓዴ ሆኖ መሬት ላይ የተንሰራፋው ተክል በኅዳርና በታኅሣሥ ይደርቅና እሾሃም ፍሬውን በመንገዱ ዳር ይበትናል፤ ከየትኛውም ጎን ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ በሣሩ ላይ ካለፋችሁ ቆማችሁ ጎማውን እያዞራችሁ ተመልከቱ። ተሰክቶ ያገኛችሁትን ማታ መንገድ ላይ ወዲያው አትንቀሉት፤ አንዳንዴ ራሱ እሾሁ ቀዳዳውን ደፍኖ ቤት ያደርሳችኋል።

የጓደኛዎን መቀመጫ ለጊዜው ሁለት እግሯ መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጉላት። ስትለምድ ከፍ ታደርገዋለች፤ ተረከዟን ፔዳሉ ላይ አድርጋ እግሯ ወደ ታች ቀጥ የሚልበት ከፍታ ጉልበቷን አያደክማትም።

«አዲስ ነዋሪ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጠጋኙ ያሉት የማሰሪያው ነገር በተለይ ጠቅሞኛል፣ የጓደኛዬ ብስክሌት አዲስ ቀለም የተቀባ ነውና። የቀሩኝ ነገሮች አሉ። ሁለት ሆነን ስንሄድ ጎን ለጎን ወይስ ፊትና ኋላ? ከፊት መሆን የሚገባውስ ማነው? ሴቶች በመሆናችን ማታ በመንገድ ላይ የሚያጋጥመን ነገር ይኖር ይሆን? ስለ ቤዛዊትም ማንም አልመለሰልኝም።

መልስ፦ ከ«የፋሲሎዋ»

እኔም ሴት ነኝ፤ በብስክሌት ሥራ መመላለስ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ማታም እወጣለሁ። ከቅደም ተከተሉ ልጀምር።

ጀማሪዋ ከፊት፣ እርስዎ ከኋላ። ብዙ ሰው ልምድ ያለው መንገድ ይምራ ይላል፤ እንዲያ ሲሆን የሚሆነው ግን የፊተኛዋ ሳታውቀው ትፈጥናለች፣ የኋለኛዋ እንዳትለያይ ከአቅሟ በላይ ትሮጣለች፣ ዞር ብላ የሚያያት ሰው የለም። ከፊት ከሆነች ፍጥነቱን እርሷ ትወስናለች፣ እርስዎ ሲያዩዋት መድከሟን ከትከሻዋ ያውቃሉ፣ ከኋላ የሚመጣውንም መኪና የእርስዎ ቀይ መብራት ይከለክላታል። መታጠፊያውን አስቀድመው ይንገሯት፤ «ከዛፉ አልፈሽ ቀኝ» እንደማለት፤ አጠገቡ ስትደርስ ከነገሯት ትደነግጣለች። በእጅ ምልክት ማሳየት እስክትችል ድረስ ወደ ግራ ለመታጠፍ በመኪናው መሀል አትግቡ፤ ቀኝ ዳር ቆማችሁ፣ ወርዳችሁ፣ ብስክሌቱን እየገፋችሁ በእግረኛ መሻገሪያው ተሻገሩ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጎን ለጎን መሄድ ለጨዋታ ደስ ይላል፤ እኔም ከጓደኛዬ ጋር የምወጣው ለጨዋታው ነው ብል እውነቴን ነው። የብስክሌቱ መስመር ባዶ ሲሆን ሂዱ፤ ሰው ሲበዛ ወይም መኪና ወዳለበት ስትገቡ ግን ፊትና ኋላ ሁኑ፤ ያኔ ደግሞ የፊት ጎማዎ ከእርሷ የኋላ ጎማ ጎን እንዲገባ አያድርጉ። ሁለቱ ጎማዎች ከተነካኩ የምትወድቀው የኋለኛዋ ናት፤ የፊተኛዋ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይገባት ትሄዳለች። በአንድ ብስክሌት ርዝመት ራቅ ማለት ይበቃል።

ባጃጅ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ባጃጅ የሚቆመው ፌርማታ ላይ ሳይሆን ተሳፋሪ እጁን ባነሳበት ነው፤ ሾፌሩ የጎን መስታወቱን ከማየቱ በፊት ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። መንገድ ዳር እጁን ያነሳ ሰው ካያችሁ ከኋላችሁ የሚመጣው ባጃጅ ከፊታችሁ ሊቆም ነው ማለት ነው፤ በቀኙ በኩል ለማለፍ አትሞክሩ፣ ተሳፋሪ ይወርድባችኋል።

ከሰው በኩል ስለሚያጋጥም ነገር ለጠየቁት፣ ባሕር ዳር ሴት በብስክሌት ላይ ማየት አዲስ ያልሆነባት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር ሲተያይ ዕረፍት ነው። ልጆች «ያዢ ፍሬን!» ብለው ይጮኻሉ፣ አንዳንዱ ጎረምሳ በብስክሌቱ ጎን ለጎን እየሄደ ሊያወራችሁ ይሞክራል፤ ቀስ ብትሉ እርሱ ቀስ ማለት ስለማይሆንለት ትቷችሁ ይሄዳል። በአስፋልቱ ላይ ሰው ባለበት ተመለሱ እንጂ አቋራጭ ፍለጋ ጨለማ ወዳለበት የውስጥ መንገድ አትግቡ። በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ ባለፉት ዓመታት የማታ እንቅስቃሴ ሰዓት በየጊዜው ሲለዋወጥ ቆይቷል፤ ስለዚህ በዚያ ሰሞን ሰዉ ስንት ሰዓት ላይ ቤቱ እንደሚገባ ጎረቤት ጠይቃችሁ ከዚያ ቀደም ብላችሁ ግቡ፤ ለቤት ሰውም በየት በኩል እንደምትሄዱ ተናግራችሁ ውጡ።

ልብሳችሁ ነጣ ያለ፣ እጅጌው ረጅም ይሁን። ነጠላ ከሆነ ጫፉ ሰንሰለቱ ውስጥ ወይም የጎማው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ሰፊ ሱሪም ከሆነ የቀኝ እግሩን በላስቲክ ያዙት። ረጅም እጅጌ ያልኩት ለወባ ትንኝ ነው። ባሕር ዳር ወባ ያለባት ከተማ ናት፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይበልጥ ይበረታል፤ ትንኟም መንከስ የምትጀምረው ሲመሽ ነው። እየሄዳችሁ ሳለ አትደርስባችሁም፤ ቆማችሁ ሐይቁን ስታዩ ወይም ዓሣ ቤት ተቀምጣችሁ የቆሮሶ ጥብስ ስትጠብቁ ነው የምትመጣው። ዓሣውን አትተዉት፤ እጅጌውን ልበሱ።

መልስ፦ ከ«የጣና ዳር ሰው»

ልጆቼ፣ ስለ ቤዛዊት የዘገየሁት ለብቻው ላነሳው ስለፈለግኩ ነው። ቦታው ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ የምትወጡት ኮረብታ ነው፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በዛፎቹ መካከል ሲጠማዘዝ፣ ከተማው ከነዘንባባው ተዘርግቶ ከላይ ይታያል፤ የነገሯችሁ ሰው እውነቱን ነው። ሆኖም የነገሯችሁ ሰው ስለ መውረዱ አልነገሯችሁም። ቤዛዊት ላይ ጀንበር ስትጠልቅ ያየ ሰው ቁልቁለቱን የሚወርደው በጨለማ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ በቁልቁለት ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዳ ትይዛለች፣ ጎማው ይንሸራተትና ትወድቃለች። ከታች ያለው የወንዙ ዳር ደግሞ ከላይ የጻፍኩላችሁ የጉማሬው አገር ነው።

ለእናንተ የሚሆነው ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከቤት ተነሱ፤ የቀኑ ሙቀት ይበርዳል፣ ፀሐይዋም ከጀርባችሁ ናት። ድልድዩን አትፍሩት፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ለአገልግሎት የበቃው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም፤ በአሮጌው ላይ ከባድ መኪና ሲመጣ ብስክሌተኛ የሚጠጋበት ያጣ ነበር። ውኃውን ለማየት መቆማችሁ አይቀርም፤ ስትቆሙ መስመሩን ልቀቁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ጥበቃ ካለ ጠይቁ። ከዳገቱ ግርጌ ስትደርሱ ወርዳችሁ ግፉ፤ ጓደኛዎ በዳገት ማርሽ መቀያየርን የምትማርበት ቀን ያ አይደለም።

ላይ ሆናችሁ 11 ሰዓት ሲሆን መውረድ ጀምሩ፤ የኋላውን ፍሬን ቀስ በቀስ እየያዘች፣ የፊቱን በትንሹ እየረዳች ትውረድ፤ ካልተመቻት ይህንንም ትግፋው። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ ወደ ምዕራብ የምትመለሱበት ያ የፈራሁት ሰዓት ነው። ስለዚህ እዚያው ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ሻይ ጠጡ፤ ስትገባ መብራታችሁን አብርታችሁ በአስፋልቱ ግቡ። ጨረቃዋ ሙሉ የምትሆንበት ቅዳሜ ካጋጠማችሁ ደግሞ ፀሐይዋ በምዕራብ ስትገባ ጨረቃዋ በዓባይ ማዶ ትወጣለች። በማግስቱ ያንኑ እናያለን ብላችሁ ግን አትቅጠሩ፤ በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየች ነው የምትወጣው።